በመተማ መንገድ የመጣ ምርምር

ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ፣ ጭልጋን አቋርጦ መተማ የሚደርሰው መንገድ ከደጋ ወደ በረሃ ይወርዳል። ሲነሣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያልፋል፤ ሲጨርስ 700 ገደማ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከወገራና ከዳባት፣ ከበለሳና ከደንቢያ የሚነሣው ወጣት በዚሁ ይጓዛል። አገሬው «በረሃ ወረደ» ይለዋል። ሲመለስ ጥቂት ብር ይዞ ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ከብሩ ጋር ሳያውቀው ይዞት የሚመጣ ነገር አለ፤ እሱም የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ እቤቱ ከገባና ብሩ ካለቀ ወዲያ ነው።

የጎንደርን የሕክምና ታሪክ ሰው የሚያወራው ቆራርጦ ነው። አንዱ ጀምስ ብሩስን ያነሣል፤ ሌላው «ጤና ኮሌጅ» የሚባለውን ዘመን፤ ሦስተኛው ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ያለውን የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል። እኔ ቁርጥራጮቹን ስገጣጥም ደጋግሞ የሚመጣብኝ ያ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ነው። ጎንደር ውስጥ ምርምር የተወለደው ሊቃውንት ተሰብስበው ስለመከሩ ሳይሆን፣ ከታች ትኩሳት ይዞ የሚመጣ ሰው ስላላቋረጠ ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በእ.ኤ.አ. ነው፤ ጥናቶቹ በዚያ አቆጣጠር ስለታተሙ ለማመሳከር ይቀላል።

ከ1699 እስከ 1772፦ ሐኪም ፍለጋ

ቀዳማዊ ኢያሱ የቆዳ በሽታ አስቸገራቸውና ሐኪም እንዲያመጣ ሐጂ ዓሊ የሚባለውን ነጋዴ ወደ ካይሮ ላኩት። እዚያ ያገኘው ሻርል ዣክ ፖንሴን ነበር፤ ካይሮ ተቀምጦ መድኃኒት የሚቀምም ፈረንሳዊ። ፖንሴ በ1698 ተነሥቶ በስናር በኩል አድርጎ በሐምሌ 1699 ጎንደር ገባ። አብሮት የነበረው ኢየሱሳዊው ቄስ ደ ብሬቭዳን ግን አልደረሰም። በዘመኑ ኢየሱሳውያን በአገሩ አይወደዱምና የሐኪሙ አሽከር መስሎ ነበር የሚጓዘው፤ በጉዞው የያዘው ሕመም ጠንቶበት ጎንደር አፍንጫ ሥር ሲደርስ ባርኮ በምትባል መንደር ሞተ። ንጉሡ ዳኑ፤ ፖንሴም በቀጣዩ ዓመት ግንቦት በምጽዋ በኩል ወጣ። የመጣበትን መንገድ ግን ለመመለሻ አልመረጠውም።

ብሩስ የመጣው ከ70 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1770 ነው። የአባይን ምንጭ ሊፈልግ የመጣ ስኮትላንዳዊ እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ የሕክምና ነገር ያስተማረው አሌፖ ያገኘው የአገሩ ልጅ፣ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ፓትሪክ ራስል ነበር። በቤተ መንግሥቱ መታመንን ያተረፈለት ግን ያቺው ጥቂት እውቀት ናት። በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ ፈንጣጣ ገብቶ የእቴጌዋን ልጅ የወይዘሮ አስቴርንና የባሏን የራስ ሚካኤል ስሑልን ቤተ ዘመድ እያጠቃ ነበር። ብሩስ ያደረገው ነገር ዛሬ ሲነገር ተራ ይመስላል። ተዘጋግቶ የቆየውን ቤት በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በለብ ያለ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት የዳኑም የሞቱም ነበሩ፤ የዳኑት ስሙን አስጠሩለት።

ሳይነገር እንዳይቀር የምፈልገው ግን የአገሩ ሰው ባዶ እጁን እንዳልነበረ ነው። ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብ በኢትዮጵያ የታወቀ ዘዴ ነበር። ለትል ኮሶ ነበር፤ ብሩስ ሥዕሉን ይዞ ሄደ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ኮሶ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገባ። ሥዕሎቹን በአብዛኛው የሳለው ኢጣሊያዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ውስጥ ሞቶ ቀረ፤ ብሩስም በመጽሐፉ ተገቢውን ምስጋና ነፈገው። ከሁሉ የሚደንቀኝ የዋጊኖስ ነገር ነው። ብሩስ በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቅቆ ወደ ስናር ሲወርድ፣ ዛሬ መተማ በምንለው አካባቢ፣ ራስ ኤል ፊል ላይ ታመመ። ያረፈባት መንደር ሆር ካካሙት ትባላለች፤ የስሟን ትርጉም ራሱ «የሞት ጥላ ሸለቆ» ብሎ ጽፎታል። ተቅማጡን ያቆመለት የአገሬው ሰው የሚያውቀው የዋጊኖስ ተክል ነው። ተክሉ በሳይንስ መዝገብ «ብሩሲያ» ተብሎ ገባ። የታመመው ሰው ስም ተሰጠው፤ ያከመው ሰው ስም ግን የለበትም።

ከ1936 እስከ 1961፦ ደንቢያ

የሚቀጥሉትን 160 ዓመታት በአንድ እርምጃ እዘላለሁ። መንበሩ ከጎንደር ወጣ፤ ከተማዋ በአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ በ1888 ደግሞ ደርቡሾች በመተማ በኩል መጥተው ደገሙት። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ሲያደርጋት ሆስፒታልም ሠርቶ ነበር፤ ያ ግን ለምርምር የታሰበ አልነበረም።

ነገሩን የቀየረው ወባ ነው። በ1953 ከጣና በስተሰሜን ባለው የደንቢያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ደንቢያ እንደ መተማ በረሃ አይደለም፤ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የቆላ ሰው ወባን ከልጅነቱ ስለሚለማመዳት ሰውነቱ ትንሽ መቋቋም አለው፤ ደገኛው ግን የለውም። ስለዚህ ዝናቡና ሙቀቱ ተገጣጥሞ ትንኟ ወደ ላይ በወጣችበት ዓመት ንዳዱ ሕፃን ሽማግሌ አይለይም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጎንደር ተከፈተ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ በጋራ ያቋቋሙት ነው። አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከአዲስ አበባ አይወጡም። የኮሌጁ ሐሳብ እንግዲህ ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅን ትቶ ቡድን ማሠልጠን ሆነ፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱ አብረው ይማራሉ፣ አብረውም ወደ ገጠር ይወጣሉ። ከመለማመጃዎቻቸው አንዱ ያው የወባው አገር፣ ደንቢያ፣ ቆላ ድባ ነበር። ሳኒታሪያኑ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ነርሷ እናቶችን ስትጎበኝ፣ ጤና መኮንኑ ትኩሳቱን ሲመዘግብ ሳያስቡት የሠሩት ነገር የአካባቢው የበሽታ መዝገብ ነው። ምርምር የሚበቅለው ከእንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

መዝገቡ ብዙ ሳይቆይ ተፈተነ። በ1958 የኢትዮጵያን ደጋ ያዳረሰው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ገደለ ተብሎ ተገመተ። በ1961 የታተመው የእነፎንቴን ጥናት ወረርሽኙ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር እንደተስፋፋ አሳየ። «ደጋ ነን፣ ወባ አያውቀንም» የሚለው እምነት ከዚያ በኋላ ማስረጃ አጣ። በዚያው ዓመት ኮሌጁ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ።

1970ዎቹ፦ ሰሊጡና ጥቁሩ ትኩሳት

ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሁመራና በመተማ ሰፋፊ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ እርሻዎች ተከፈቱ። ትራክተር ያርሳል፤ አረሙንና አጨዳውን ግን ሰው ካልሠራው የሚሠራው የለም። ሰዉም ከደጋ መጣ። ከወቅቱ ሥራ በኋላ ወደ አገሩ የሚመለስ ነበር፤ ከእርሻ እርሻ እየዞረ እዚያው የሚከርም «ሳሉግ» የሚባልም ነበር። ሁሉም የሚያድሩት ሜዳ ላይ ነው።

በሽታው የተደገሰላቸው እዚያ ነው። የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም። የምትወደው የዋልካ አፈር ሲደርቅ የሚፈጥረውን ስንጥቅና የግራርን ጥላ ነው። ቀን ሲያርም የዋለው ሰው ማታ ራቁቱን ከግራር ሥር ሲጋደም ትነክሰዋለች። በምራቋ የምታስገባውን ጥገኛ ተሕዋስ ሌሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1903 ለየብቻ ለዓለም አስታውቀውታል። ካላዛር የሚለው ስም የሕንድ ነው፤ ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1942 በታችኛው ኦሞ ሲሆን፣ ሰሜን ምዕራቡን ዋና ማዕከሉ ያደረገው ግን የእርሻ ጉልበት ጉዞ ነው።

ምልክቱ አታላይ ነው። ዝንቧ ከነከሰች በኋላ እስኪታይ ወራት ይፈጃል። ከዚያ የማይለቅ ትኩሳት፣ ክሳት፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ ነስር፤ ጣፊያም እያበጠ ግራ ሆድን ይሞላል። ሰው መጀመሪያ ወባ ነው ይላል። ክኒኑ ካልሠራ ጠበል ይሄዳል፤ ወይም አዋቂ ይፈልግና ያበጠውን ጎኑን ያስተኩሳል። በብዙ ታማሚ ግራ ጎን ላይ ጠባሳውን ያየ ሐኪም ከላቦራቶሪው በፊት ሊጠረጥር ይችላል። ሳይታከም የቀረ ከሞት የሚተርፈው በጣም ጥቂቱ ነው።

በ1978 ስለ መተማና ሁመራ ተጓዥ ሠራተኞች ካላዛር የመንገሻና የአቡሆይ ጥናት ታተመ። ርዕሱ በሽታውን ከሥራው ጋር አያይዞ ጠራው፤ በሽታውን ያመጣው የአየር ጠባዩ ብቻ ሳይሆን የሥራው ዓይነትም እንደሆነ የተጻፈበት ቀዳሚ ሰነድ ስለሆነ ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። በዚያው ዓመት ጎንደር ከላይፕዚጉ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብራ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረች። የምሥራቅ ጀርመን መምህራን መጡ፤ ኮሌጁም ጤና መኮንን ከማውጣት ወደ ሕክምና ትምህርት ቤትነት ተሸጋገረ።

ለታማሚው የነበረው መድኃኒት አንቲሞኒ ነበር፤ ሴቶቻችን ዓይናቸውን ከሚኳሉት ከኩል ማዕድን ወገን ነው። በመርፌ፣ በየቀኑ፣ ለ30 ቀን። መርፌው ያማል፤ ልብና ቆሽትም ላይ ይከብዳል።

እዚህ ላይ ትረካዬን የሚያስቸግር አንድ ነገር ላንሣ፤ የዚያው ተሕዋስ ዘመድ የሆነው ቁንጭር በመተማ መንገድ አልመጣም። የደጋው የራሱ ነው፤ ከገደል ሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በ1973 ኢትዮጵያን የሚጠራ ሳይንሳዊ ስም ወጣለት። አይገድልም፤ የሚወደው ግን ፊትን ነው። ጉንጭ ላይ ጀምሮ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ፣ ከንፈርን ሲያሳብጥ፣ የሰውየውን መልክ ይቀይረዋል። አፍንጫው የታፈነ የስሜን እረኛ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሳይነስ ነው ቢባል ሐኪሙ ብዙ አይወቀስም። ስለማይገድል ግን ለረጅም ዘመን ገንዘብ የሚመድብለት አልነበረም። 94 ታማሚዎች የታቀፉበትና በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት የተሞከረበት የጎንደር ጥናት የታተመው በ2021 ነው።

1996፦ ዳባት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ላይ ባለችው ዳባት፣ በ1996 ቤት ለቤት የሕዝብና የጤና ክትትል ተጀመረ። የተወለደ ይጻፋል፣ የሞተ ይጻፋል፣ የፈለሰ ይጻፋል፤ ሐኪም ሳያየው የሞተ ሰው ከሆነ ቤተሰቡ ተጠይቆ የሞቱ ምክንያት ይገመታል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ዜና አይሆንም። ነገር ግን በአገራችን ገጠር ሰው በምን እንደሚሞት ከግምት ያለፈ ነገር መናገር የሚቻለው እንዲህ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው።

ከ2003 እስከ 2010፦ ሊቦ ከምከምና 17 ቀን

በ2003 ግድም ከጣና በስተምሥራቅ፣ በሊቦ ከምከም መንደሮች፣ ሰው በትኩሳት ይሞት ጀመር። በረሃ ወርዶ የማያውቅ ሰው፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ። መድኃኒት የተለማመደ ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ሞቱ ቀጠለ። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ2005 ነው። በሁለት ሺህ ሜትር አጠገብ ባለ አገር ካላዛር ይነሣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ተከፈተ፤ የታማሚው ቁጥር ከ2,000 በላይ ሆነ። አጥኚዎቹ እንደሚያስቡት ከበረሃ የተመለሱ ሠራተኞች ተሕዋሱን ይዘው መጡ፤ የአገሩ የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ተቀበለችው። ከግራር ሥር ማደር እዚህም ለበሽታው የሚያጋልጥ ሆኖ ተገኘ። የደንቢያው ወባ በ50 ዓመት ልዩነት ተደገመ ማለት ይቻላል፤ ደጋው በሽታውን አያውቀውም ተብሎ ነበርና ምርመራው ዘገየ።

ችግሩ ከመድኃኒቱም ነበር። በ2003 የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች «ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት» ከሚባለው ድርጅት ጋር ካርቱም ላይ ማኅበር ፈጠሩ። በኢትዮጵያ በኩል የመድኃኒት ሙከራው የተካሄደው ጎንደርና አርባ ምንጭ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ፓሮሞማይሲን የተባለው መርፌ ሕንድ ውስጥ ለ21 ቀን ሲሰጥ ከ100 ሰው 94ቱን አድኖ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ግን በዚያው መጠን ሲሰጥ ያዳነው 64 ያህሉን ብቻ ሆነ፤ ሱዳን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ 14 ብቻ። ጎንደር 75 አገኘች። የሕንዱን መድኃኒት እንዳለ ወደዚህ ማምጣት ቢበቃ ኖሮ የጎንደር ምርምር ትርፍ ነገር ይሆን ነበር፤ በዚህ ውጤት ግን አስፈላጊነቱ ተረጋገጠ። ተመራማሪዎቹ መጠኑን ጨመሩ፤ ከዚያም ፓሮሞማይሲንን ከአንቲሞኒው ጋር አጣምረው ለ17 ቀን ብቻ ሰጡ። ጥምሩ ከ30 ቀኑ ሕክምና ጋር ተቀራራቢ ውጤት አመጣ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ መከረው።

ሒሳቡ ግን ፈገግ ያሰኛል። 30 ቀን በቀን አንድ መርፌ 30 መርፌ ነው፤ 17 ቀን በቀን ሁለት መርፌ 34 ነው። ታማሚው የተወጋውን መርፌ ሲቆጥር ከሠረ፤ የተኛበትን ቀን ሲቆጥር 13 ቀን አተረፈ። የቀን ሠራተኛ የሚቆጥረው ቀኑን ነው።

ከ2006 እስከ 2022፦ ሁለት በሽታ በአንድ ሰው

ከቤተሰቡ ርቆ፣ እጁ ላይ ብር ይዞ በረሃ ከተማ ላይ የሚያድር ወጣት ካላዛር ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። በሰሜን ምዕራቡ ከአምስት የካላዛር ታማሚ አንዱ፣ በከፋው ጊዜ ከሦስት አንዱ፣ ኤች አይ ቪም ነበረበት። ሁለቱ ተሕዋሳት ይረዳዳሉ፤ አንዱ ያደከመውን ሰውነት ሌላው ይጥለዋል። በ2006 ከሁመራ የወጣ ጥናት ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች አንቲሞኒውን እንደማይችሉት አሳየ፤ ከበሽታው የተረፈውን መድኃኒቱ ይገድለው ነበር። የዳነውም ይመለሳል፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ከዚያም በላይ።

ጎንደር በዓለም ደረጃ ስሟ የተጠራው በዚህ ላይ ነው። ጥናቶቹን ከመሩት አንዱ የጎንደሩ ሐኪም ኤርሚያስ ዲሮ ነበር። መጀመሪያ የተጠየቀው ካላዛሩ ተመልሶ እንዳይመጣ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። 74 ሰዎች በየወሩ ፔንታሚዲን የተባለ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ በዓመቱ ከ100 ሰው 71 ያህሉ በሽታው ሳይመለስባቸው ቆየ። ቀጥሎ ሁለት መድኃኒት ማጣመር መጣ። አምቢሶም በደም ሥር ይንጠባጠባል፣ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት፣ ዋጋውም ውድ ነው። ሚልቴፎሲን መነሻው የካንሰር መድኃኒት ሲሆን ይዋጣል። ጎንደርና በቆላው ባለችው አብደራፊ ላይ በ58 ታማሚዎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2019 ታተመ፤ ሕክምናው ላልጨረሰላቸው ተራዝሞ ሲታይ ጥምሩ 88 በመቶ፣ አምቢሶም ብቻውን 55 በመቶ አዳነ። 58 ሰው ትንሽ ነው፤ ተጠራጣሪ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሆኖም ከሕንድ ከመጣው ተመሳሳይ ጥናት ጋር ሲታይ በቂ ሆነ፤ በሰኔ 2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ለወጠ።

ከ2022 ወዲህ፦ 14 ቀን፣ ከዚያም ክኒን

በዚያው 2022 በአራቱ አገሮች የተደረገ ሌላ ሙከራ ውጤት ወጣ። አንቲሞኒው ሙሉ በሙሉ ተወግዶ ፓሮሞማይሲን ከሚልቴፎሲን ጋር ለ14 ቀን ተሰጠ፤ 91 በመቶ ዳኑ፣ ከ17 ቀኑ ጋር እኩል። መርፌው ከ34 ወደ 14 ወረደ። አንድ እንከን አለው፤ ሚልቴፎሲን ፅንስ ስለሚጎዳ ሴት ታማሚ እየወሰደችና ከወሰደችም በኋላ ለወራት ከእርግዝና መጠበቅ አለባት።

ከጎንደር ውጭ ደግሞ ነገሩ ወደ ጂን ዘልቋል። በ2020 የአሜሪካ፣ የካናዳና የጃፓን ተመራማሪዎችን ያካተተ ቡድን ከቁንጭር ዘመድ ተሕዋስ ውስጥ ሴንትሪን የተባለውን ጂን ቆርጦ አወጣ። ጂኑ የሌለው ተሕዋስ ሰውነት ውስጥ መራባት ስለማይችል በሽታ አያመጣም፤ ሰውነት ግን ጠላቱን እንዲያውቅ ያደርገዋል። በእንስሳት ላይ ካላዛርንም እንደሚከላከል ታይቷል። ሐሳቡን ስሰማ ትዝ ያለኝ የጥንቱ የፈንጣጣ ክትባት ነው፤ ከታማሚ ቁስል የተወሰደ መግል በጤነኛ ክንድ ላይ።

ክትባቱ ሩቅ ነው። የሚቀርበው ክኒኑ ነው። ኤልኤክስኢ 408 የሚል የፋብሪካ ስም ብቻ ያለው፣ በአፍ ብቻ የሚወሰድ አዲስ መድኃኒት በኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይ መሞከር ጀምሯል። ከተሳካ መርፌ የሚወጋ ሰው፣ የሚንጠባጠብ ፈሳሽና ማቀዝቀዣ አያስፈልግም። ታማሚውም በሽታው የያዘውን መንገድ ሁሉ ወደ ላይ ተጉዞ ጎንደር ድረስ ሳይመጣ፣ በመተማው ገንዳ ውኃ ጤና ጣቢያ ወይም እርሻው አጠገብ ባለ ጤና ኬላ ሊወስደው ይችላል፤ ምናልባትም ሰሊጡ ሳይታጨድ።